የአትባራ ድልድይ፦ ውኃው ከእኛ፣ ብረቱ ከፊላደልፊያ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሻይም ቡናም ያላችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ። ባለፈው ስለ ካምፕ ኑሮ ስጽፍ ብዙዎቻችሁ «ስለ መንገዱም ጻፍልን» ብላችሁኛል። መንገድ ካለ ወንዝ አለ፣ ወንዝ ካለ መሻገሪያ አለ። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ድልድይ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው፣ እንዳትደናገሩ።

አትባራ ሲባል ብዙ ሰው የሱዳን ከተማ ነው ብሎ ያልፋል። ከተማውም አለ፣ ወንዙም አለ። ወንዙ ግን የእኛው ነው። ከጣና ሰሜን ምዕራብ፣ ከጎንደር ደጋ የሚወርደው ጓንግ በመተማ በኩል ሱዳን ሲገባ ነው አትባራ የሚባለው። ከላስታ ተነሥቶ የስሜንን ተራሮች ዞሮ የሚመጣው ተከዜ ደግሞ ሱዳን ሲገባ ሰቲት ይባላል፤ እዚያው ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ጋር ይገናኛል። ከመገናኛው ወዲህ ተከዜ ረጅሙ ነው፣ ስሙን ይዞ የሚቀጥለው ግን አትባራ ነው። ድንበር ሲሻገር ስሙን የሚቀይሩበት ስደተኛው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ወንዝ ጸባዩ ልዩ ነው። በበጋ ይደርቃል ማለት ይቻላል፤ ከጥር ወዲያ እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ ብቻ ይሆናል፣ ልጆች በእግራቸው ይሻገሩታል፣ ከብት በአሸዋው ላይ ይተኛል። ክረምት ሲመጣ ግን ያ አሸዋ ባሕር ይሆናል። ደለሉ ከመብዛቱ የተነሣ «ጥቁር ናይል» ብለው የሚጠሩትም አሉ። በዓመት ወደ ናይል ከሚገባው ውኃ ከአሥር አንድ ያህሉ የእሱ ነው፤ ያም ቢሆን በጥቂት ወራት ውስጥ የሚመጣ ነው።

ሳሙኤል ቤከር የሚባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በጁን 1861 በደረቁ አትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ ሌሊት እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ሰማ። እነሱ ዘንድ አንድ ጠብታ ዝናብ አልጣለም። ዝናቡ የጣለው እዚህ፣ ደጋው ላይ ነው። ሲነጋ ትናንት አሸዋ የነበረው ትልቅ ወንዝ ሆኖ ተገኘ። ቤከር በ1867 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ጽፎታል፤ የግብፅን አፈር የሚያመጣው የኢትዮጵያ ዝናብ እንደሆነ የገባውም በዚያ ጉዞ ነው። ለነገሩ ያኔ አብራው የነበረችው ፍሎረንስ ራሷ በልጅነቷ የሃንጋሪ ጦርነት ያፈናቀላት፣ ቪዲን በምትባል ከተማ ከባሪያ ገበያ የወጣች ሴት እንደነበረች ይነገራል። የተጓዦች ታሪክ ሲጻፍ እሷ «የቤከር ሚስት» ተብላ ታልፋለች። እኔ ብጽፈው ከእሷ ነበር የምጀምረው።

እንግዲህ ወደ ድልድዩ።

እንግሊዞች ኪችነርን ይዘው ወደ ሱዳን ሲወርዱ ጦሩን የሚሸከምላቸው ባቡር ነበር። ከዋዲ ሐልፋ እስከ አቡ ሐመድ 370 ኪሎ ሜትር የሚሆን ውኃ የለሽ በረሃ አቋርጠው ሐዲዱን የዘረጉት በ1897 ነው፤ ሥራውን የመራው ፐርሲ ጂሩዋርድ የሚባል ወጣት ካናዳዊ መኮንን ነበር። በጁላይ 1898 ሐዲዱ አትባራ ወንዝ ዳር ደረሰና ቆመ። ከዚያ በፊት በኤፕሪል 8 የአትባራ ጦርነት እዚያው አካባቢ ተካሂዷል፤ በሴፕቴምበር 2 ደግሞ ኦምዱርማን ላይ የኸሊፋው ጦር በመድፍና በመትረየስ ተጨፈጨፈ። የእነዚያ ደርቡሾች ወንድሞች ከአሥር ዓመት በፊት ጎንደርን እንዳቃጠሉ፣ አፄ ዮሐንስም በማርች 1889 መተማ ላይ ከእነሱ ጋር ሲዋጉ እንደወደቁ እናንተም ታውቃላችሁ። አንድ ወንዝ ዳር ስንት ነገር እንዳለፈ ለማለት ያህል ነው።

ከድሉ በኋላ ኪችነር ሐዲዱን ወደ ካርቱም መቀጠል ፈለገ። እንቅፋቱ አትባራ ሆነ። ሰው በበጋ በእግሩ የሚሻገረው ወንዝ ለባቡር በክረምት የማይደፈር ነው። የድልድዩን ሥራ መጀመሪያ የጠየቁት የእንግሊዝ ፋብሪካዎችን ነው። እነሱ ያቀረቡት የጊዜ ገደብ ግን ለቀጠሮው የሚደርስ አልሆነም። በ1899 መጀመሪያ ሥራው ባሕር ተሻግሮ ፔንኮይድ ለሚባል የአሜሪካ የብረት ፋብሪካ ተሰጠ። ፔንኮይድ ፊላደልፊያ ጥግ፣ ስኩይልኪል ወንዝ ዳር የነበረ ፋብሪካ ነው። ፊላደልፊያ ያላችሁ ወገኖች፣ እዚያው ሰፈር እስከ ዛሬ በፋብሪካው ስም የሚጠራ የብረት ድልድይ አለላችሁ፤ በእግር ስትንሸራሸሩ እዩት።

ፋብሪካው ብረቱን ቆርጦ፣ በስቶ፣ ቁጥር ጽፎ፣ ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ መርከብ ላይ ጫነው። እንግሊዝ አገር ጩኸት ሆነ። ጋዜጦቹ ጻፉ፣ ፓርላማው ጠየቀ፤ በእኛ ጦር ለተያዘ አገር ድልድዩን እንዴት አሜሪካ ይሠራዋል ተባለ። ድልድዩ ኦገስት 26 ቀን 1899 በጎርፉ ወራት ተመረቀ። ኪችነርም አሜሪካኖቹን በአደባባይ አመሰገነ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ባቡሩ ካርቱም ፊት ለፊት፣ ባሕሪ ደረሰ።

ታዲያ አሜሪካኖቹ እንዴት ቀደሙ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ነገሩ አስማት አይደለም። የእንግሊዝ አሠራር ለእያንዳንዱ ድልድይ አዲስ ንድፍ ማውጣት ነበር፣ ልክ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ እንደማሰፋት። አሜሪካኖቹ ግን አገራቸው ሰፊ፣ ሐዲዳቸው ብዙ፣ የሚሻገሩት ወንዝና ጅረት የማያልቅ ስለሆነ፣ ገጠር ላለ ትንሽ ጅረትም ለትልቅ ወንዝም የሚሆን የተለመደ ንድፍ በየመጠኑ ነበራቸው። ስንት ሜትር ነው ብለህ ስትነግራቸው መሳቢያ ከፍተው ያወጡልሃል። መሣሪያቸውም ለዚያ የተሰናዳ ነበር። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ንድፉ ራሱ ትራስ የሚባለው ነው፤ በቀጭን ብረቶች የተጠላለፈ፣ ከጎን ሲያዩት የሦስት ማዕዘን ሰልፍ የሚመስል። ምስጢሩ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ነው። አራት እንጨት አራት ማዕዘን አድርገህ በምስማር ብትመታና ብትገፋው ይጋደማል። ሦስት ብትመታ ግን እንጨቱ ካልተሰበረ በቀር ቅርጹን አይለቅም። የግቢያችን የቆርቆሮ በር እንዳይዘም ከጥግ እስከ ጥግ አግድም ጣውላ የሚመታበት ለዚሁ ነው፤ አናጢው ስሙን ባያውቀውም ሥራውን ያውቀዋል። በትራስ ድልድይ ባቡሩ ሲያልፍ አንዱ ብረት ይገፋል፣ ሌላው ይሳባል፤ ሁሉም የየራሱን ድርሻ ይይዛል። በዚህ የተነሣ ትንሽ ብረት ብዙ ይሸከማል። ትንሽ ብረት ማለት ደግሞ በመርከብና በበረሃ ባቡር ተሸክሞ ለማምጣት የሚቻል ማለት ነው።

የአትባራው ሰባት ስፓን አለው፤ ስፓን የምለው ከአንዱ ምሰሶ እስከ ሌላው ያለውን ነው። እያንዳንዱ ወደ 45 ሜትር ይሆናል፣ ሲደመር ከ300 ሜትር በላይ። እኛ የብረት ድልድይ እንበለው እንጂ በትክክል ሲነገር ስቲል ነው።

አሁን ወደሚቆረቁረኝ ነገር ልምጣ። የፔንኮይድ ስም ተጽፏል። የኪችነር ስም ተጽፏል። ከፋብሪካው አብረው የመጡ አሜሪካውያን ገጣጣሚዎች እንደነበሩም ተጽፏል። ያን ሐዲድ በበረሃ የዘረጉት ግን ከግብፅ የተመለመሉ የባቡር ሻለቃ ወታደሮች፣ እስረኞች፣ በጦርነት የተማረኩ ደርቡሾችና የየአካባቢው ቀን ሠራተኞች ነበሩ። ትናንት አትባራ ላይ የተዋጋ ሰው ነገ ለአሸናፊው ጦር ሐዲድ ይሸከማል። የእነዚህን ሰዎች ስም ፈልጉ ብላችሁ እኔን ብታዙኝ አንድ አላመጣላችሁም።

ይህ በሱዳን ብቻ የሆነ አይደለም። እኔ አሁን ያለሁባት ናይሮቢ ከተማ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ፔንኮይድ በ1900 ከሌሎች ፋብሪካዎች ጋር ተጠቃልሎ አሜሪካን ብሪጅ ኩባንያ ውስጥ ገባ፤ ይኸው ኩባንያ ደግሞ ለኡጋንዳ ባቡር በማው ተራራ በኩል ለሚያልፈው መስመር 27 የብረት ድልድዮችን እንዲሠራ ታዘዘ። እንግሊዝ አገር እንደገና ያው ጩኸት ተነሣ። የዚያን ባቡር ሥራ ለመሥራት ከሕንድ ወደ 32 ሺህ ሰው ተጭኖ መጣ፣ 2,500 የሚሆነው ሞተ። ቁጥሩ በመዝገብ አለ፤ ለሕንዶቹ ቢያንስ ቁጥር ተይዞላቸዋል። ከዚህ ናይሮቢ ሆኜ አትባራን ሳስብ የሚገርመኝ አንድ ፋብሪካ በሁለት ዓመት ውስጥ የናይልን ገባርም የኬንያን ሸለቆም ማገናኘቱ ሳይሆን፣ በሁለቱም ቦታ ብረት ማን እንደጠረበው ታውቆ ማን እንደተሸከመው አለመታወቁ ነው።

ካርቱም ዴም ሰፈር ስኖር ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒክ ነበሩ፤ ሐጂ እንላቸዋለን። የተወለዱት አትባራ ነው። ከምሽት ሰላት በኋላ በራቸው ላይ አንግረብ አውጥተው ይቀመጣሉ፤ እኔም ከሥራ ስገባ ሻይ ሳልጠጣ አያሳልፉኝም። ድልድዩ የአሜሪካ እንደሆነ መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። «የእናንተ ውኃ ነው ግን» ይሉኝ ነበር፣ እያሾፉ፤ «በየክረምቱ አፈራችሁን ትልኩልናላችሁ፣ በበጋ ደግሞ ልጆቻችሁን።»

አትባራ ከተማ ያደገችው በዚሁ ድልድይና በባቡሩ ነው። የሱዳን ምድር ባቡር ዋና መሥሪያ ቤትና ትልቁ ጋራዥ እዚያ ነበር፤ ሱዳኖች «የብረትና የእሳት ከተማ» ይሏታል። የሱዳን የሠራተኛ ማኅበር እንቅስቃሴ የተወለደውም እዚያ ነው፤ በ1947 የባቡር ሠራተኞቹ አድማ መትተው እንግሊዞቹን ማኅበራቸውን እስኪያውቁ ድረስ አስጨንቀዋቸዋል። ጦር ለማመላለስ የተዘረጋ ሐዲድ ሠራተኛ ሰበሰበ፣ የተሰበሰበው ሠራተኛ ተደራጀ። ኪችነር ይህን ያሰበ አይመስለኝም።

ዲሴምበር 19 ቀን 2018 የዳቦ ዋጋ ሲንር አልበሽርን የጣለው ተቃውሞ እዚያው አትባራ ውስጥ ፈነዳ። በኤፕሪል 23 ቀን 2019 ደግሞ ከአትባራ የተነሣ ባቡር፣ ጣሪያው ላይ ሳይቀር ሰው ተጭኖበት፣ ባንዲራ እያውለበለበ ካርቱም ገባ፤ ጦር ሠራዊቱ መምሪያ በር ላይ የተቀመጡትን ለመደገፍ ነበር። ካርታውን እዩት፦ አትባራ ከተማ ከወንዙ በስተ ሰሜን ነች። ወደ ካርቱም የሚሄድ ባቡር ገና ከከተማው ሳይርቅ የአትባራን ወንዝ ይሻገራል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ በጥቁር ዓባይ ላይ የተዘረጋውን የ1909ኙን የብረት ድልድይ። እዚያ ካርቱም ውስጥ ወጣቶቹ የባቡር ድልድዩን ብረት በድንጋይ እየቀጠቀጡ ከበሮ አድርገውት ነበር። በዚያ ወራት እዚያ የነበራችሁ ድምፁ ከጆሯችሁ እንደማይወጣ አውቃለሁ።

በዚህ መስመር ላይ ሌላም ስደት ተጉዟል። ግብፅ የአስዋንን ታላቅ ግድብ ስትሠራ ኋላ የተጠራቀመው ውኃ ዋዲ ሐልፋን፣ ያንኑ ሐዲዱ የተጀመረበትን ከተማ፣ ዋጠው። ወደ 50 ሺህ የሚሆኑ የሱዳን ኑቢያውያን ከጃንዋሪ 1964 ጀምሮ በባቡር ተጭነው፣ በአትባራ ከተማ አልፈው ወደ ምሥራቅ ታጥፈው፣ ኻሽም አልጊርባ ወረዱ። የሰፈሩት የት መሰላችሁ? አትባራ ወንዝ ዳር፤ ወንዙ ላይ አዲስ ግድብ ተሠርቶላቸው፣ ስሙም አዲስ ሐልፋ ተባለ። ከናይል ዳር የተነቀለ ሕዝብ ከጎንደርና ከትግራይ በሚወርድ ውኃ እንዲያርስ ተደረገ። ቴምርና ናይል የለመዱ ሰዎች ሜዳ ላይ፣ ዝናብና ወባ ውስጥ ተጣሉ። አዛውንቶቻቸው እስከ ዛሬ የሐልፋን ስም በእንባ ነው የሚያነሡት። «በመንግሥት የተዘዋወረ» ይባላል እንጂ ስደተኛ አይባልም፤ ድንበር ስላልተሻገሩ ብቻ።

የእኛን ሰው ከእነሱ የሚለየው ድንበሩ ነው። በ1984 ከጎንደር አካባቢ በእግራቸው ወጥተው ኡም ራኩባ ካምፕ የደረሱት ቤተ እስራኤል የዚህን ወንዝ ገባሮች ተሻግረው ነው የመጡት። በመንገድና በካምፕ ወደ 4 ሺህ የሚሆኑ እንደሞቱ ይነገራል፤ እስራኤል ያላችሁ በየዓመቱ ኢየሩሳሌም ላይ ታስቧቸዋላችሁ። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2020 መጨረሻ፣ ያው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ አሁን ከትግራይ ለመጡት። በዚያ ጦርነት ከ60 ሺህ ያላነሰ ሰው ሱዳን ገብቷል፤ ብዙው የገባው ሐምዳይት ላይ ተከዜን ተሻግሮ ነው። እዚያ የብረት ድልድይ አልነበረም፤ ጀልባ ነበር። በዚያው ተከዜ፣ በላይኛው በኩል፣ ወደ ሽሬ የእርዳታ መኪና የሚያልፍበት ድልድይ በጁላይ 2021 መጀመሪያ ፈረሰ። ያኔ ክረምት ላይ ወንዙ አስከሬን ይዞ ወረደ። ሱዳን በኩል ዋድ አልሒለው አካባቢ ስደተኞችና የአገሩ ሰዎች እያወጡ ቀበሯቸው። ቤከር በሌሊት የሰማው ጎርፍ ያው ወንዝ ነው።

ሱዳን የኖረ ሐበሻ ድልድይ ሲያይ ምን እንደሚያስብ ልንገራችሁ። ኬላ ነው የሚያስበው። መንገድ ላይ ኬላ ካለ በጎን በጫካ ይታለፋል፤ ድልድይ ላይ ግን ጎን የለም። ስለዚህ ተስሪሕ የሚጠይቁህ እዚያ ነው። ስደተኛ ያለ ተስሪሕ ከካምፕ ወጥቶ ከከተማ ከተማ እንዳይሄድ ሕጉ ይከለክላል፤ ድልድዩ ደግሞ ሕጉን ቀላል ያደርገዋል። እኔም አንዴ በአንድ ድልድይ ጫፍ ከአውቶቡስ ወርጄ እስኪመሽ ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ ሕፃን ያዘለች እናት ነበረች። አለፉን በመጨረሻ፤ በምን እንዳለፍን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያን ቀን ነው ብረቱን ቁጭ ብዬ በደንብ ያየሁት፤ ሦስት ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ ስቆጥር ዋልኩ። ከሻ የሚመጣበትን ሰዓት ከመጠበቅ መቁጠር ይሻላል።

ከ2023 ኤፕሪል ወዲህ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ኦምዱርማንን ከባሕሪ የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ በኖቬምበር 2023 ፈረሰ፤ ሁለቱም ወገን አንዱ በሌላው አሳበበ። ሐጂም፣ እኔም፣ የዴም ሰው ሁሉም ተበተነ። ሱዳኖቹ በመተማ በኩል ወደ እኛ ገቡ፤ ትናንት «ሐበሻ» ብሎ መታወቂያ የሚጠይቅ ነበረ፣ ዛሬ እኛ ድንበር ላይ ታርጋ ቆጥሮ ቪዛ ይጠይቃል። ይህን ስል ለመወቃቀስ አይደለም፤ ሐጂን አስባለሁ። የት እንደደረሱ እስካሁን ወሬ የለኝም። ከዴም የወጣችሁ፣ ባቡር የሠሩ፣ አንግረባቸውን በር ላይ የሚያወጡ ሽማግሌ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቃችሁ። የድልድይ ታሪክ በፋብሪካ መዝገብ ይገኛል፤ የጀልባ ታሪክ ግን መዝገብ የለውም። በ2020 ሐምዳይት ላይ፣ መንደር ስምንት ላይ፣ በ1984 ጓንግ ላይ፣ ሰው ያሻገሩ ጀልባ ነጂዎችና ዋናተኞች ነበሩ። ገንዘብ የተቀበሉ አሉ፣ በነጻ ያሻገሩ አሉ፣ ከልጅ ጋር አብረው የሰጠሙ አሉ። የምታስታውሱትን ጻፉልኝ፦ ምን ዓይነት ጀልባ ነበር፣ ከምን ተሠራ፣ ገመድ ነበረው ወይ፣ ስንት ሰው ይጭን ነበር፣ ስንት ተጠየቃችሁ፣ ውኃው የት ድረስ ነበር። የራሳችሁንም የእነሱንም ስም እዚህ ታች በይፋ አትጻፉ፤ ገና እዚያው ያሉ አሉ። በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ድምፅም ይሆናል፣ በትግርኛም በዐረብኛም ይሆናል። እስካሁን አሥራ አንድ ሰው ልኮልኛል።